ለደሴ ልጆች የተባለው ጓንት

ከደሴ እስከ ሐርቡ ድረስ እኔ ዕቃ ያልሸጥኩለት ሰው ካለ፣ ወይ ገና አልተወለደም፣ ወይ እኔ ስደርስ ሞቶ ጠበቀኝ። ለኮምቦልቻ ሰው ብርድ ልብስ፣ ለደሴ ሰው ማራገቢያ የሸጥኩ ሰው ነኝ። አንድ ጊዜ ሐረጎ ዳገት ላይ መኪናችን ተበላሽቶ ጭጋግ ውስጥ ስንቆም፣ ከኋላችን ለቆመው ሹፌር የገዛ ራሱን ጎማ መልሼ ልሸጥለት ትንሽ ነበር የቀረኝ፤ ጭጋጉ ባይገለጥ ኖሮ። ይህን የምለው ጉራ ለመንዛት አይደለም። እሺ፣ ጉራ ለመንዛት ነው። ግን ብዙ አይቆይም። በዚህ ሁሉ ዘመን እንኳን ዕቃዬን፣ «እንደምን አደሩ» ስል ሰላምታዬን ሳይቀር አገላብጠው ሳያዩ የማይቀበሉኝ አንዲት ሴት ነበሩ። እትዬ ሰዓዳ ይባላሉ። ይባሉ ነበር።

ማረፋቸውን የሰማሁት ከባጃጅ ሹፌር ነው። ባለፈው ክረምት ደሴ ላይ ከፒያሳ ወደ ታች እየወረድን ሳለ፣ አንድ እጁን ከመሪው ላይ አንሥቶ በትንፋሹ እያሞቀ፣ «የጓንቷ እትዬ አኼራ ሄዱ አሉ፤ ሰማህ?» አለኝ። አልሰማሁም ነበር። ከተቀበሩ ሰንብተዋል። ያንገበገበኝ መሞታቸው ብቻ አይደለም፤ የተጠሩበት ስም ነው። ሰው በሠራው ሕንፃ፣ ባቆመው መስጊድ፣ በወለደው ልጅ ይጠራል። እትዬ ሰዓዳ ግን ደሴ ውስጥ አንድም እጅ ላይ በሌለ ጓንት ተጠርተው ቀሩ።

የደሴ ልጅ ናቸው። አያታቸው ከየመን ባሕር ተሻግረው የመጡ ነጋዴ ነበሩ ይባላል፤ አባታቸው ደግሞ በደሴ የታወቁ የቆዳ ነጋዴ። እሳቸው ምህንድስና ተማሩና ዕድሜያቸውን በትልልቅ ፋብሪካዎች የምርት ኃላፊ ሆነው ገፉት። ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው ወደ እኛ የመጡት፤ ኮምቦልቻ ውስጥ የበግ ቆዳ እያለፋች ወደምትሸጥ ትንሽ ፋብሪካ። እኔ የሽያጭ ሠራተኛ ነበርኩ። ከጦርነቱ የተረፉ የስፌት መኪኖች አንድ ክፍል ውስጥ አቧራ ጠጥተው ተቀምጠው ነበር። እትዬ ሰዓዳ በመጡ በሳምንቱ አቧራውን አስጠረጉና «ጓንት እንሰፋለን» አሉ። ባለቤቱ አቶ ይመር በኮምቦልቻ ፀሐይ ላባቸውን እየጠረጉ «ጓንት ለማን?» ሲሉ፣ «ቀና ብለህ ተራራውን እየው። ከዚያ ማዶ ደሴ የሚባል አገር አለ፤ ሰዉ እጅ አለው» አሏቸው።

ትሕትና የሚባል ነገር በደጃቸው አላለፈም። አመስግነው አያውቁም፤ ምስጋና ጠላት እንደማስታጠቅ ነው የሚቆጥሩት። ሁልጊዜ ጉንጫቸው ሥር አንድ ቅርንፉድ አለ፤ ሲቆጡ ከግራ ወደ ቀኝ ያዞሩታል። ከግራ ወደ ቀኝ ሲዞር ያየ ሠራተኛ ሥራው ትዝ ይለዋል። አንዲት ጓንት ሰፊ ልጅን አንዱን ደጋግመው አስፈትተው አስለቀሷት። በኋላ ጥፋቱ የልጅቷ ሳይሆን የቆራጩ መሆኑ ተገኘ። ይቅርታ አልጠየቋትም። በማግስቱ ግን የልጅቷ ወንበር ብርሃን ወዳለበት መስኮት ዳር ተዛውሮ ተገኘ፤ ያዛወረው ማን እንደሆነ የጠየቀም የለም።

ዕቃ ሲሰጧቸው መጀመሪያ ገልብጠው ነው የሚያዩት። ጓንቱን እንደ ዶሮ አንጀት ገልብጠው ስፌቱን በጥፍራቸው ሲፈትሹ፣ «ውሸት መሸሸጊያው በስተውስጥ ነው» ይላሉ። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ቆሜ ስለ ጥራት ስደሰኩር፣ ከቆሙበት መጡና የኮቴን ጫፍ ይዘው ገለበጡት። ገበሩ ከብብቴ እስከ ወገቤ ተተርትሮ በስቴፕለር ተያይዟል። ሰዉ ሁሉ አየ። እትዬ ሰዓዳ ወደ ቆሙበት ተመለሱና «ቀጥል» አሉኝ። «ስለ ጥራት እየነገርከን ነበር።»

አቶ ይመር አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ አሠልጣኝ አስመጥተው ሆቴል ውስጥ ስለ ሲስተም ሠለጠንን። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሲስተምን የማውቀው ባንክ ስሄድ «የለም» ሲሉኝ ነው። አሠልጣኙ ከገበሬ እስከ ደንበኛ ድረስ ቀስት በቀስት የሆነ ሥዕል አሳየን፤ አንዱ ቦታ የሚደረግ ነገር ሌላ ቦታ ሄዶ እንደሚፈነዳ፣ አዲስ ምርት የሚፈጥረው አንድ ፋብሪካ ብቻውን ሳይሆን መስመሩ በሙሉ እንደሆነ አስረዳን። እኔ ከሁሉም ምሳውን ወደድኩት። እትዬ ሰዓዳ ግን ምሳ አልበሉም፤ አሠልጣኙን አንድ ጥግ ይዘው እስከ ማታ ሲጨቀጭቁት ዋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በፋብሪካው ውስጥ ሁለት ጥያቄ ሳይመልስ የሚያልፍ ሰው ጠፋ። «ከማን ተቀበልክ? ለማን ትሰጣለህ?» ጥበቃው ሳይቀር ተጠየቀ። «ከሌሊቱ ጥበቃ ተቀብዬ ለሌሊቱ ጥበቃ እሰጣለሁ» ቢላቸው፣ «ጎሽ፣ አንተ ቀለበት ነህ» አሉት። እስከ ዛሬ ሚስቱ ቀለበት እያለች ትቀልድበታለች።

የመጀመሪያው ጓንት ተሰፋና ለደሴ የባጃጅ ሹፌሮች ለሙከራ የማደል ሥራ ለእኔ ተሰጠ። አደልኩ፤ ከሳምንት በኋላ ዞሬ ጠየቅኩና ሪፖርት አቀረብኩ። ሁሉም እንደወደዱት፣ አንዱማ ሚስቱን ፈትቶ ከጓንቱ ጋር ሊኖር እንዳሰበ ተናገርኩ። ቅርንፉዷ ከግራ ወደ ቀኝ ዞረች።

«ምን አሉህ?»

«ማሻአላህ፣ ቆንጆ ነው አሉኝ።»

«የወሎ ሰው'ኮ ነው የጠየቅከው» አሉ። «የወሎ ሰው ቤቱ እየነደደ 'እንዴት ነህ' ብትለው፣ 'አልሐምዱሊላህ፣ ትንሽ ሞቅ ብሎናል' ነው የሚልህ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ፒያሳ አቆሙኝ። ብርዱ ጥርሴን እንደ ዳማ ጠጠር ያንኳኳው ነበር። ባጃጆቹ ተሰልፈዋል፤ የሹፌሮቹ እጅ ባዶ ነው። አንዱ ጓንቱን መስተዋቱ ላይ አንጠልጥሎታል። ሌላው የፊት መስታወቱን ይጠርግበታል። ያ ሚስቱን ሊፈታ ነው ያልኩት ሰውዬ ባጃጁ ወንበር ሥር ሸጉጦታል። እትዬ ሰዓዳ ጠጋ ብለው ለምን እንዳላጠለቀው ጠየቁት። ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «አይከፋችሁ ብዬ ነው እንጂ፣ እትዬ... ብር መቁጠር አልቻልኩበትም። ስልኬንም አይነካልኝም።» እትዬ ሰዓዳ እዚያው መቀስ ተውሰው የጓንቱን የአውራ ጣትና የሌባ ጣት ጫፍ ቆረጡለት። ሰውዬው አጥልቆ አንድ የብር ኖት አወጣና መለሰ፤ ስልኩን ከፍቶ ዘጋ፤ ከዚያ በእውነት ፈገግ አለ። የሚጠቅመው ጓንት የተወለደው እዚያ ነው። እትዬ ሰዓዳም ለሹፌሮቹ አዋጅ አወጁ፦ ጓንቱን አሳምሮ ለሰደበላቸው ሰው አዲስ ይሰጣሉ። በመጀመሪያው ቀን አንድም ተሳዳቢ ጠፋ። በሁለተኛው አንዱ መጣና «እትዬ፣ አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፣ ጓንትዎ ግን ከንቱ ነው» አላቸው። «መርቀህም ቢሆን ተሳድበሃል» ብለው ሰጡት።

ስድቡ እየበረታ ሲሄድ አንድ ነገር ላይ ገጠመ፤ ጓንቱ መዳፉ ላይ ይተረተራል። ሰፊዎቹ በክሩ አሳበቡ። ክር የሚገዛው ሰው በቆራጩ። ቆራጩ ቆዳውን በሚያለፉት፣ የሚያለፉት ጥሬ ቆዳው ላይ ጨው በሚነሰንሰው፣ ጨው ነስናሹ በቆዳ ሰብሳቢው፣ ሰብሳቢው ደግሞ በባለበጉ። እንዲህ ዓይነቱን ዙር እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ኑሮዬ ነው። እትዬ ሰዓዳ ግን «ዕቃ የተበላሸው ጉዳቱ የሚታይበት ቦታ አይደለም» ብለው ወደ ኋላ ሄዱ፤ እኔንም አስከትለው፤ ከስፌት መኪናው ወደ መቁረጫው፣ ከመቁረጫው ወደ ማልፊያው፣ ከዚያ ዳገቱን ወጥተን ደሴ፣ በመጨረሻም ድግስ ያለበት አንድ ግቢ ገባን። አንድ ጎልማሳ በግ ሰቅሎ በቢላ ይገፍፋል። እትዬ ሰዓዳ ቆዳውን ተቀብለው ገለበጡትና በውስጥ በኩል ያለውን ጭረት አሳዩኝ። ቢላዋ ለአመል ያህል ነው የነካው። ከላይ ምንም አይታይም። ቆዳው ለፍቶ፣ ተወጥሮ፣ ተሰፍቶ፣ ሹፌሩ መሪ ሲጨብጥበት ግን ያ ጭረት አፉን ይከፍታል።

ጎልማሳውን ለምን እንደማይጠነቀቅ ጠየቅኩት። ከት ብሎ ሳቀብኝ። የበግ ቆዳ ዋጋ ካጣ ቆይቷል፤ ከበዓል በኋላ የደሴ ውሾች ቆዳ እየጎተቱ ጎዳናውን ሲያቋርጡ ላየ ሰው ጥያቄው የሞኝ ነው። ልቆጣው አፌን ስከፍት እትዬ ሰዓዳ ክንዴን ያዙኝ። «ተወው፤ እውነቱን ነው። ለሚጣል ነገር ማን ይጠነቀቃል?»

ይህ በሆነ ሰሞን አቶ ይመር ትዕግሥታቸው አለቀ። ጓንቱ እየተመለሰ ነው፤ ሰፊዎቹ ግን ደመወዝ ይበላሉ። እትዬ ሰዓዳን ጠርተው በእኔ ፊት ነገሯቸው፤ አረፋ ድረስ ይታገሣሉ፤ የአረፋው ቆዳ እንደ ወትሮው ቀዳዳ ሆኖ ከመጣ መኪኖቹ ይሸጣሉ፣ ክፍሉ ይዘጋል፣ ሴቶቹም ወደየቤታቸው ይሄዳሉ። እትዬ ሰዓዳ «ተስማምተናል» ብቻ አሉ።

በማግስቱ የበግ ገመድ ይዘው መጡ። ሰብሳቢውን፣ ጨው ነስናሹን፣ ቆዳ አልፊውን፣ ቆራጩን፣ ሰፊዋን፣ እኔን፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር ሳይቀር ከደሴ አስመጥተው ግቢው ውስጥ አሰለፉንና ገመዱን በየተራችን አስያዙን። ጎትቱ አሉ። አንዱ ሲጎትት ሁላችንም ተንገዳገድን፤ ሳቅ ሆነ። በመጀመሪያ ጫፍ ላይ ከደሴ የመጡ አንዲት የልጆች እናት ነበሩ፤ በመጨረሻው ጫፍ ሹፌሩ። «አያችሁ፣ እኚህ እናት ቢለቁት ሁላችሁም ገደል ናችሁ፤ እሳቸው ግን ለመያዝ ምን ምክንያት አላቸው? ከእሳቸው ይወሰዳል እንጂ ወደ እሳቸው የሚመለስ ነገር የለም» አሉ። ከዚያ የገመዱን ሁለት ጫፍ አምጥተው ቋጠሩት። አቶ ይመር በፎቁ መስኮት ሻይ ይዘው እየሳቁ ሲያዩን ነበር። ገመዱን ያስያዛቸው ሰው የለም።

የቋጠሮው ትርጉም ይህ ነው፦ አረፋ ላይ ቆዳውን ሳይቀድ ገፍፎ ለሚሰጥ ቤት ሁሉ፣ ከዚያው ቆዳ ለልጁ አንድ ጥንድ ጓንት ተሰፍቶ ይመለስለታል። ቁርጥራጩ ለልጅ እጅ ይበቃል፤ ትልቁ ክፍል ለሚሸጠው ይሆናል። ሰው ለፋብሪካ ብሎ አይጠነቀቅም፤ ደሴ ብርድ ላይ ትምህርት ቤት ለሚሄድ ልጁ እጅ ብሎ ግን ይጠነቀቃል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ቆዳ ለይቶ እንዲያውቅ እናቶች ከልጃቸው አሮጌ ልብስ ቅዳጅ ጨርቅ እንዲያስሩበት ተባለ።

ባጃጅ ላይ የድምፅ ማጉያ ተሰቀለና ደሴን ከጫፍ ጫፍ ዞርን፤ ገራዶ ወረድን፤ ቦሩ ሜዳ ድረስ ሄድን። ኢማሙም ቄሱም ተናገሩልን። አንዱ ቤት ውስጥ የክርስቲያኑ በግ በፋሲካ እንጂ በአረፋ አይታረድም የሚል ክርክር ሲነሣ፣ እትዬ ሰዓዳ «የእስላምና የክርስቲያን የሚባለው ሥጋው ነው፤ ቆዳ ሃይማኖት የለውም። የእናንተን በፋሲካ እንቀበላለን» ብለው ዘጉት። ለእኔ የሰጡኝ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር። «አታጋን፣ አበጋዝ። ቃሉ የእኔ ነው፤ ከእሱ ላይ አንዲት አትጨምር።» እኔ ደግሞ ጓንቱ እስከ ልጁ ሠርግ ድረስ እንደሚያገለግል፣ እጅ ሲያድግ አብሮ እንደሚያድግ በድምፅ ማጉያ ለፈፍኩ። ሰው የሚያምነው ግን እኔን አልነበረም። በየደጁ «የቆዳ ነጋዴው ልጅ ናት» እየተባለ ነው በሩ የሚከፈተው። አባታቸው ቃላቸውን አጥፈው አያውቁም ነበር።

እትዬ ሰዓዳ አገፋፉን በየግቢው እጃቸውን ሰብስበው አሳዩ። ቢላዋ እግሩ ላይ መክፈቻ ያህል ብቻ፤ ከዚያ ጡጫን በሥጋውና በቆዳው መካከል እያስገቡ መግፋት። «የተኛ ሕፃን ልብስ እንደምታወልቁት» ይላሉ። አንድ ሽማግሌ ቆመው ሲያዩ ቆዩና፣ «ሰዓዳ፣ አባትሽ እንኳ ቆዳችንን ሲገዙ ይህን ያህል አልለመኑንም» አሏቸው።

«አባቴ ጓንት አልሰጧችሁማ» አሉ።

አረፋ ዋለ። ማግስቱን ቆዳው ኮምቦልቻ ሲራገፍ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። እትዬ ሰዓዳ አንዱን አንሥተው ገልብጠው ወደ ፀሐይ ያዙት፤ ብርሃን የሚያሾልክ ቀዳዳ የለም። ሌላውን አነሡ። ሌላውንም። በየእግሩ ላይ ቀይ፣ ቢጫ፣ አበባ ያለበት፣ የሕፃን ካልሲ ሳይቀር ታስሮበታል፤ ጠቅላላ ግቢው ሰርግ ቤት መሰለ። የሚያለፉት ሰዎች እንዲህ ያለ ቆዳ ካዩ ዘመን እንደሆናቸው ይምላሉ። እኔም ዛሬስ ያመሰግኑኛል ብዬ አጠገባቸው ቆምኩ። እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው አንድ ቅርንፉድ አወጡና «እንካ» አሉኝ። ከእትዬ ሰዓዳ የተቀበልኩት ምስጋና ይህ ነው፤ ምላሴን ሲያቃጥለኝ ዋለ።

ወሬው ግን ከእኛ ቀድሞ አዲስ አበባ ደርሶ ነበር። ቆዳው ለፍቶ ሳያልቅ ቆዳ ወደ ውጭ የሚሸጥ አንድ ላኪ መጣ፤ አየ፤ ከአቶ ይመር ጋር ቢሮ ተዘግቶ ተወራ። አንድ ጧት እትዬ ሰዓዳ ከደሴ ወርደው ግቢው ሲገቡ አይሱዙው ተጭኖ እየወጣ ነበር። ጨርቆቹ ቆዳው ከመለፋቱ በፊት ተፈትተው አንድ ጥግ ተቆልለዋል። ወደ ቢሮ ሲገቡ ተከተልኳቸው።

«ይመር፣ ቆዳው የት ነው?»

«ተሸጠ።»

«የልጆቹ ጓንትስ?»

አቶ ይመር እንደ ክፉ ሰው አልመለሱም፤ ክፉ ቢሆኑ ኖሮ መልካም ነበር። «ሰዓዳ፣ ድሮ የሚመጣው ቆዳ ቀዳዳ ነበር፤ ጓንት እንጂ ሌላ አይሆንም ነበር። ይኼ አንደኛ ደረጃ ነው። እንዲህ ያለውን ቆራርጦ ጓንት ማድረግ እብደት ነው። አንደኛ ያደረግሽው አንቺ ነሽ'ኮ።»

«ለሰው ቃል ገብቻለሁ።»

«እኔ አልገባሁም» አሉ አቶ ይመር። «ከባለበጉ እስከ ጥበቃው ሁሉን 'ለማን ትሰጣለህ' ብለሽ ጠየቅሽ። እኔን አልጠየቅሽኝም።»

ቅርንፉዷ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አልዞረችም። እትዬ ሰዓዳ መዳፋቸው ላይ ተፏት፣ አዩዋት፣ «እውነት ነው» አሉና ወጡ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ቢሳደቡ፣ ጠረጴዛ ቢገለብጡ ይሻለኝ ነበር። ያቀኑት መስመር ከመቅናቱ የተነሣ ጓንቱ ራሱ አላስፈለገውም። በወሩ የስፌት መኪኖቹ ተሸጡ። ሴቶቹ ተሰናበቱ፤ ያቺ መስኮት ዳር የተቀመጠችው ልጅ ወንበሯን ይዛ ልትሄድ ብላ ጥበቃው ከለከላት። እኔ ደረጃዬ ከፍ አለ፤ የቆዳ ሽያጭ ኃላፊ ተባልኩ።

እትዬ ሰዓዳ ሥራ ለቀቁና ደሴ ወጡ። ከመሄዳቸው በፊት አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ «የጮህከው አንተ ስለሆንክ አብረኸኝ ትዞራለህ» አሉ። በየደጁ ዞርን። አንዱ ቤት ስንደርስ እኚያን የገመዱን ጫፍ የያዙትን እናት አገኘን። እትዬ ሰዓዳ አልተቀመጡም፤ ደጃፉ ላይ እንደቆሙ ተናገሩ።

«ዋሽቻችኋለሁ። ጓንቱ የለም።»

ሴትየዋ በሁለት እጃቸው ያዟቸው። «አብሽሪ፣ እትዬ ሰዓዳ። ጓንት ምን ይሠራል? ልጆቹም አድገዋል።»

«አብሽሪ አትበይኝ። ስደቢኝ።»

«ኧረ ወላሂ ምንም አላልንም» አሉ ሴትየዋ፤ «አረፍ በይ፣ ውሃ ላምጣልሽ።»

ሁሉም ቤት እንዲሁ ነበር። አብሽሪ፤ ምን አለበት፤ አላህ ያውቃል፤ እግዜር ያውቃል። አንድም የሚቆጣ ጠፋ። ወደ ማታ እትዬ ሰዓዳ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሲቀመጡ ያየኋቸው የዚያን ቀን ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ወንበራቸውን ለኮት ማስቀመጫ ነበር የሚጠቀሙበት። «አበጋዝ፣ ቢሰድቡኝ ኖሮ ለከርሞ ተስፋ ነበረው። ሰው የሚሰድበው ገና የሚጠብቀውን ነው» አሉ። አብሽሩ ልል አፌ ላይ ደርሶ ዋጥኩት።

እንዳሉትም ሆነ። በሚቀጥለው አረፋ ኢማሙም አልተናገረ፣ ማንም አልተቃወመ፣ ማንም አላማረረ፤ ቆዳው ግን እንደ ወንፊት ሆኖ መጣ። ላኪው አየና ሳይሰናበት ሄደ። አቶ ይመር ጠሩኝና ሰዎቹ ምን ሆኑ ብለው ጠየቁኝ። «ምንም አልሆኑም፤ አልሐምዱሊላህ ነው የሚሉት» አልኳቸው። የሚገባቸው መስሎኝ ነበር። የቆዳ ሽያጭ ኃላፊነቴም ከቆዳው ጋር አብሮ ተበሳ፤ ዛሬ የፕላስቲክ ወንበር እሸጣለሁ። ፕላስቲክ ይመቸኛል፤ ገልብጠው ቢያዩትም በሁለቱም በኩል አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ እትዬ ሰዓዳን ሁለት ጊዜ ያህል ፒያሳ ላይ ከሩቅ አየኋቸው። ጧት ነው፤ ነጠላቸውን ተከናንበው ቆመው የሹፌሮቹን እጅ ያያሉ። ሹፌሮቹም ያከብሯቸዋል፤ አንድም አይሰድባቸውም። እኔ ሌላ መንገድ ይዤ ሄድኩ።

እሳቸው ከሞቱ በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ዘንድሮ ነበር። በግ ገዛሁ፤ እንደ ወጉ አረድኩ፤ ግቢዬ ውስጥ ሰቀልኩት። ሚስቴ ዛሬስ በጡጫ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ በጡጫ ነው አልኳት። ከዚህ ቀደም የገፈፍኩት በድምፅ ማጉያ ብቻ መሆኑን እሷም ታውቃለች። እግሩን ከፈትኩ፤ ጡጫዬን አስገብቼ ገፋሁ። ትንሽ ሄደና እምቢ አለኝ። ጉልበት ይጠይቃል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ሁዳዴን ሙሉ ጾሜ ሥጋ አምሮኛል። ለቆዳው የሚመጣ ሰው የለም፤ ጓንትም የለም፤ የሚያየኝም የለም። ቢላዬን አነሣሁና በአንድ አፍታ ጨረስኩት። ቆዳው እዚህም እዚያም ተቀደደ። ከአጥሩ ማዶ ወረወርኩት፤ ውሻ ጎትቶ ሲወስደው እያየሁ ጉበቱን በላሁ።